የእንቁላል ቅርፊት ኮራል አያሳድግም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ።

በቅርቡ በቤትና ኑሮ ገጻችሁ ላይ ስለ ጨዋማ ውሃ አኳሪየም (የዓሣና የኮራል ገንዳ) የወጣውን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። በአማርኛ ስለዚህ ጉዳይ የሚጽፍ ሰው ብዙም አይገኝም። ጸሐፊውን ከልቤ አመሰግናለሁ። ስለ ዓሣ አመራረጥና ስለ መብራት ያሉት ጥሩ ነው። ስለ ካልሲየም የጻፉት አንቀጽ ግን መታረም አለበት። ኮራል፣ ማለትም አጽም የሚሠራው የባሕር እንስሳ፣ እንዲጠነክር በየሳምንቱ ካልሲየም ጨምሩ ይላል። መግዛት ያልቻለ ደግሞ የእንቁላል ቅርፊት ፈጭቶ እንዲጨምር ይመክራል። የመጀመሪያው ምክር ገንዳ ሊያጠፋ ይችላል። ሁለተኛው ምንም አይጠቅምም፤ ይልቁንም ውሃ ያበላሻል።

እኔ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። አገር ቤት ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። እዚህ እንጀራዬ የሰው አኳሪየም መንከባከብ ነው። የጥርስ ሐኪም መጠበቂያ ክፍል ያለውን፣ ሬስቶራንት መግቢያ ላይ የቆመውን፣ ሰው ሳሎኑ ያስቀመጠውን ገንዳ እየዞርኩ አጸዳለሁ፤ ውሃውን እለካለሁ። ከደንበኞቼ መካከል ሐበሾች አሉ። ጋዜጣችሁንም ያነባሉ። ጽሑፉ ከወጣ ወዲህ ስለ እንቁላል ቅርፊቱ እየደወሉ የጠየቁኝ አሉ። ለሁሉም በአንድ ጊዜ መልስ ለመስጠት ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ከቅርፊቱ ልጀምር። የእንቁላል ቅርፊት በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ኮራልም አጽሙን የሚሠራው ከዚሁ ነው። ስለዚህ ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ችግሩ አይሟሟም። የባሕር ውሃ ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱ መለኪያ፣ 8.1 ወይም 8.2 አካባቢ ነው። በዚህ ፒኤች ላይ ውሃው ከወዲሁ ካልሲየም ካርቦኔት በዝቶበታል። ያለውን ጭምር ሊጥል ጫፍ ላይ ነው፤ ሌላ አያሟሟም። ቅርፊቱ እንደተፈጨ ታች ይቀመጣል፣ በቃ። ከቅርፊቱ ጋር የተጣበቀው ስስ ሽፋን ግን ይበሰብሳል። ሲበሰብስ ናይትሬትና ፎስፌት ይለቃል። ፎስፌት ሲበዛ ደግሞ ኮራሉ አጽም መሥራት ያቅተዋል። ማለትም ቅርፊቱ ኮራሉን እንዲያሳድግ ተጨምሮ እድገቱን ያግዳል።

ከፋርማሲ የሚገዛው የአጥንት ክኒንም መፍትሔ አይሆንም። ብዙዎቹ ያው ካርቦኔት ናቸው፤ ማጣበቂያና ቫይታሚንም ተቀላቅሎባቸዋል። አገር ቤት አሲዳማ አፈር ላይ የሚበተነው የእርሻ ኖራም ካርቦኔት ነው። ለአፈሩ ይሠራል፤ አፈሩ አሲድ ስለሆነ ያሟሟዋል። የባሕር ውሃ ግን አሲድ አይደለም።

ቀጥሎ መነሳት ያለበት ጥያቄ ካልሲየም መጨመር የሚያስፈልገው ማነው የሚለው ነው። ገንዳው ውስጥ ዓሣ ብቻ ካለ ምንም አትጨምሩ። ለስላሳ ኮራል ብቻ ካለም ብዙ ጊዜ በየሳምንቱ ከውሃው አሥር በመቶ ያህሉን በጥሩ የባሕር ጨው በተዘጋጀ ውሃ መቀየር ይበቃል። የጨው ዱቄቱ ራሱ ካልሲየምና ማግኒዥየም አለው። ካልሲየም በብዛት የሚወስዱት ድንጋያማ ኮራሎች፣ ትልልቆቹ የባሕር ቅርፊት ለባሾችና ዓለቱን ሮዝ አድርጎ የሚሸፍነው አልጌ ናቸው። እነሱ ከሌሉ በየሳምንቱ የሚጨመረው ካልሲየም የሚበላው ስለሌለ ዝም ብሎ ይጠራቀማል።

ድንጋያማ ኮራል ላላቸው ቁጥሮቹን ልስጥ። ጨውነቱ 35 ግራም በኪሎ የሆነ የባሕር ውሃ በሊትር ከ410 እስከ 420 ሚሊግራም ካልሲየም አለው። ማግኒዥየሙ ወደ 1,300 ይጠጋል። በገንዳ ውስጥ ካልሲየሙ ከ380 እስከ 450 ባለው ውስጥ ከቆየ ኮራሉ ይስማማዋል። 500 ማድረስ ፈጥኖ አያሳድገውም። ይህን የምለው ብዙ ሰው ከፍ ያለ ቁጥር ሲያይ ስለሚደሰት ነው። ኮራሉ የሚፈልገው ቁጥሩ ሳይዋዥቅ እንዲቆይለት ነው።

ካልሲየም አነሰ ብላችሁ ከመጨነቃችሁ በፊት ግን ጨዉን ለኩ። ካልሲየም ከጨዉ ጋር አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል። ሰሜናዊው ቀይ ባሕር ጨውነቱ 40 ግራም ስለሚደርስ ካልሲየሙም ከሌላው ባሕር ከፍ ያለ ነው። በተቃራኒው የገንዳችሁ ጨውነት 30 ግራም ከሆነ ካልሲየሙ 360 አካባቢ ቢታይ አይግረማችሁ። አንድ ቤት በዚህ ምክንያት ለወራት የካልሲየም ፈሳሽ ሲጨምሩ አገኘኋቸው። ካልሲየሙ ከፍ ብሏል፤ ማግኒዥየሙና ሌላው ሁሉ ግን ዝቅ እንዳለ ነው። የጨው መለኪያ መነጽራቸው አልተስተካከለም ነበር። መነጽሩን በንጹህ ውሃ ሳይሆን 35 ግራም ተብሎ በሚሸጠው ማስተካከያ ፈሳሽ አስተካከልነው። ከዚያ ጨዉን በቀናት ውስጥ ቀስ እያልን ከፍ አደረግነው፤ ካልሲየም መጨመሩንም አቆምን። በትነት የጎደለውን ውሃ ደግሞ ሁልጊዜ ጨው በሌለው የተጣራ ውሃ ተኩ። የሚተነው ውሃው ነው፤ ጨዉ ቀርቷል። ዋሽንግተን ዲሲ፣ አርሊንግተንና እኛ ጋ የቧንቧ ውሃው ክሎራሚን የሚባል ጀርም ማጥፊያ አለው። ስለዚህ ማጣሪያችሁ ጥሩ የከሰል ክፍል ይኑረው።

አሁን ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሳውን ነገር ላንሳ። ኮራል አጽሙን ሲሠራ ከውሃው የሚወስደው ካልሲየም ብቻ አይደለም። ባይካርቦኔትም ይወስዳል። ይህን የምንለካው አልካሊኒቲ በሚባለው ልኬት ነው፤ ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ ማለት ነው። መስፈሪያው ዲኬኤች ይባላል። የባሕር ውሃ አልካሊኒቲ 7 ዲኬኤች ገደማ ነው። ለደንበኞቼ ገንዳ ከ7 እስከ 9 ባለው ውስጥ አንድ ቁጥር እመርጥና እዚያው እንዲቆይ አደርጋለሁ።

ሁለቱ የሚወሰዱበት ልክ የታወቀ ነው። ኮራሎቹ ከአንድ ሊትር ውሃ 20 ሚሊግራም ካልሲየም ሲወስዱ አልካሊኒቲው 2.8 ዲኬኤች ይወርዳል። ይህን በአንድ ገንዳ ላይ አስቡት። ኮራሎቹ በቀን 1 ዲኬኤች ይወስዳሉ እንበል። ዛሬ አልካሊኒቲው 8፣ ካልሲየሙ 420 ነው። ነገ አልካሊኒቲው 7 ይሆናል፤ ካልሲየሙ ግን 413። ይህን የ7 ሚሊግራም ልዩነት የቤት መለኪያ ኪት ለይቶ አያሳይም። ከዛሬ አራት ቀን በኋላ አልካሊኒቲው ወደ 4 ሊወርድ ይችላል። ካልሲየሙ ግን ገና 392 ነው፤ «ደህና ነው» የሚባል ቁጥር። ካልሲየም ብቻ የሚለካ ሰው ምንም ሳይታየው ኮራሉ መሞት ይጀምራል። ለዚህ ነው አልካሊኒቲ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ይለካ፣ ካልሲየም በሳምንት አንዴ ይበቃል እያልኩ የምወተውተው። አንድ ኪት ብቻ መግዛት የምትችሉ ከሆነ የአልካሊኒቲውን ግዙ።

ማግኒዥየምም በወር አንዴ ይለካ። ማግኒዥየም ካልሲየምና ካርቦኔት ውሃው ውስጥ ተገናኝተው እንዳይዘቅጡ ይከላከላል። እሱ ሲያንስ የፈለገውን ያህል ካልሲየምና አልካሊኒቲ ብትጨምሩ ቁጥሩ አልወጣ ይላል።

በችኮላ ሲጨመር የሚሆነውን አንድ ሬስቶራንት ውስጥ አይቻለሁ። ባለቤቱ ካልሲየሙን ሲለካ 370 አገኘ። ቅዳሜ እንግዳ ስለነበረበት በአንድ ምሽት 450 ሊያደርሰው ፈለገ። የካልሲየም ክሎራይዱን በብዛት ጨመረ። ወዲያው ደግሞ አልካሊኒቲ ከፍ የሚያደርገውን ዱቄት እዚያው ቦታ ላይ ደፋው። ውሃው እንደ አጓት ነጣ። ሁለቱ ተገናኝተው ካልሲየም ካርቦኔት ሆነው ዘቀጡ። በማግስቱ ስደርስ ያን ሁሉ ጨምሮ ካልሲየሙ ከነበረበት ብዙም አልራቀም፤ አልካሊኒቲው ጭራሽ ወርዷል። ማሞቂያውና ፓምፖቹ በነጭ ልባስ ተሸፍነዋል፤ አንዱ ፓምፕ ቆሟል። የድንጋያማ ኮራሎቹ ሥጋ ከአጽማቸው እየተላጠ ነበር። ዓሣዎቹ ተረፉ፤ ከኮራሉ ግን አብዛኛው ሞተ። እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስባችሁ ሌላ ነገር አትጨምሩ። ውሃ ቀይሩ፣ ፓምፖቹን አውጥታችሁ በኮምጣጤ ውሃ እጠቡ፣ ከዚያ ለኩ።

ስለዚህ ሂሳቡን ከመጨመራችሁ በፊት ሥሩ። ገንዳው ላይ 200 ሊትር ተብሎ ቢጻፍም ድንጋዩና አሸዋው ቦታ ይይዛሉ። እውነተኛው ውሃ 170 ሊትር ነው እንበል። ካልሲየሙ 380 ነው፣ 420 እንዲሆን ትፈልጋላችሁ። በሊትር 40 ሚሊግራም ጎድሏል። በጠቅላላ 6.8 ግራም ካልሲየም ማለት ነው። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው የካልሲየም ክሎራይድ ዓይነት ሩብ ከምናምኑ፣ በትክክል 27 በመቶው ነው ካልሲየም። ስለዚህ 25 ግራም ዱቄት ያስፈልጋችኋል። እሱንም በአንድ ቀን አትጨምሩ። በቀን ከ20 ሚሊግራም በላይ ባታሳድጉ እመርጣለሁ፤ ማለትም 25ቱን ግራም ለሁለት ቀን ከፍሉት። አልካሊኒቲው ደግሞ በቀን ከ1 ዲኬኤች በላይ አይነሳ። ለዚሁ 170 ሊትር 1 ዲኬኤች የሚያነሳው 5 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ብቻ ነው። ቤኪንግ ሶዳ ነው ያልኩት፤ ቤኪንግ ፓውደር አይደለም። ፓውደሩ አሲድና ስታርች ስላለው ገንዳ ውስጥ መግባት የለበትም። በማንኪያ መገመትም ይቅር። ትንሽ የኩሽና ዲጂታል ሚዛን ይህን ሥራ ይሠራል።

ሁለቱን በተለያየ ዕቃ አሟሙ። የአንዱን ማንኪያ ለሌላው አትጠቀሙ። አንዱን ጠዋት፣ ሌላውን ማታ ጨምሩ፤ ፓምፑ ውሃውን በኃይል በሚገፋበት ቦታ፣ ቀስ ብላችሁ። ካልሲየም ክሎራይድ ሲሟሟ ይሞቃል። ሁልጊዜ ዱቄቱን ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩ እንጂ ውሃ በዱቄቱ ላይ አታፍስሱ። ስስ ብርጭቆ ውስጥም አታሟሙት፤ ሊሰነጠቅ ይችላል። እዚህ አገር ክረምት ላይ ሃርድዌር መደብር የሚሸጠው በረዶ ማቅለጫ አንዳንዱ ካልሲየም ክሎራይድ ነው። ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ቀለምና ዝገት መከላከያ የተጨመረበት አለ። ከረጢቱ ላይ ንጥረ ነገሩ በዝርዝር ካልተጻፈ ተውት።

ትልቅ ገንዳ ያላቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እያስገባ የኮራል ስብርባሪ የሚያሟሟ መሣሪያ ይጠቀማሉ። ለጀማሪ አልመክረውም።

ብዙ ሐበሻ ደንበኞቼ የሚወዱት የኖራ ውሃን ነው። የሚወዱትም በምክንያት ነው፤ ካልሲየሙንም አልካሊኒቲውንም በሚፈለገው ልክ አብሮ ይሰጣል፤ ዋጋውም ትንሽ ነው። ኖራ ስል ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ማለቴ ነው። ለግንባታ የሚሸጠው ሳይሆን ለምግብ ሥራ የሚሸጠው ንጹህ ኖራ። እዚህ የላቲኖ ሱቆች ለበቆሎ መቀቀያ ይሸጡታል። በአንድ ሊትር ውሃ ከ1.5 ግራም ብዙ የበለጠ አይሟሟም። በጥብጣችሁ ክዳኑን ዝጉና አስቀምጡት። ሲዘቅጥ ላዩ ላይ ያለውን ጥርት ያለውን ብቻ ተጠቀሙ። በትነት የጎደለውን ውሃ በሱ ትተካላችሁ፤ ጠብታ በጠብታ፣ ሌሊት ቢሆን ይሻላል። ሌሊት መብራቱ ሲጠፋ የገንዳው ፒኤች ይወርዳል፤ ኖራው ደግሞ ከፍ ያደርገዋል። በአውቶማቲክ ፓምፕ የምታስገቡ ከሆነ የኖራ ውሃውን በትንሽ ዕቃ ብቻ አስቀምጡ። ተንሳፋፊው ማብሪያ ተጣብቆ ፓምፑ ካልቆመ ዕቃው ውስጥ ያለው ሁሉ ገንዳው ውስጥ ይገባል። ዕቃው ትንሽ ከሆነ ገንዳው ይተርፋል። ትልቅ በርሜል ከሆነ ፒኤቹ ሽቅብ ወጥቶ ዓሣውንም ኮራሉንም ይገድላል።

እዚህ ላይ ደግሞ ስለ ሰው ደህንነት መናገር አለብኝ። ጽሑፋችሁ ይህን አንድም ቦታ አላነሳም። የኖራ ውሃ ፒኤች 12.4 ነው። ጥርት ሲል ከመጠጥ ውሃ አይለይም። ሽታም የለውም። ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል፤ ብሌን ይጎዳል። ቢጠጣ አፍና ጉሮሮ ያቆስላል።

አንድ ደንበኛዬ ቤት የኖራ ውሃው በሃይላንድ ተሞልቶ ኩሽናው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአገር ቤት የመጡ እናት ቡና እየቆሉ ነው። እኔ ገንዳው ጋ ነኝ። ጀበናውን ሊሞሉ ሃይላንዱን ሲያነሱ አየኋቸው።

«እማማ፣ እሱን ያስቀምጡት፣ እባክዎን» አልኳቸው።

«ውሃ አይደል እንዴ ልጄ?»

ውሃ ነው የሚመስለው። እሳቸው ምን ያድርጉ። በማግስቱ ልጃቸው ቁልፍ ያለው ሳጥን ገዛ።

እኛ ሐበሾች ባዶ ሃይላንድ አንጥልም። ዘይት እንይዝበታለን፣ ጠላ እንይዝበታለን፣ በረኪናም እንይዝበታለን። የኖራ ውሃ ግን በምንም ምክንያት የመጠጥ ዕቃ ውስጥ አይግባ። ሰፊ አፍ ያለው፣ ሰው ለመጠጥ የማያነሳው ባለ ቀለም ዕቃ ይሁን። ላዩ ላይ በአማርኛም በእንግሊዝኛም «መርዝ፣ አይጠጣም» ተብሎ ይጻፍ። ማንበብ ለማይችል ልጅ ደግሞ የሚጠቅመው ከፍ ያለ ቦታና ቁልፍ ነው። ዱቄቱም እንደዚያው፤ ከዱቄትና ከስኳር ጣሳ አጠገብ አይቀመጥ። ስትበጠብጡ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጉ። ዱቄቱ እንዳይቦን ቀስ ብላችሁ ጨምሩ፤ ብናኙ ሳንባ ያውካል።

ዓይን ውስጥ ከገባ ሳትጠብቁ በንጹህ ወራጅ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ እጠቡት፤ የዓይኑን ቆብ ከፍ አድርጋችሁ። ከዚያ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሰው ቢጠጣው እንዲያስመልስ አታድርጉ፤ ሲመለስም ጉሮሮውን ድጋሚ ያቃጥላል። አሜሪካ ያላችሁ 1-800-222-1222 ደውሉ። የመርዝ ጉዳይ መስመር ነው፤ ቀንም ሌሊትም ይሠራል፣ ገንዘብ አይጠይቅም፣ አስተርጓሚም ያገናኛል። መተንፈስ ከከበደው ወይም ራሱን ከሳተ ግን በቀጥታ 911 ነው።

በሚቀጥለው እትማችሁ የእንቁላል ቅርፊቱንና በየሳምንቱ ጨምሩ የሚለውን ምክር እንድታርሙ በትህትና እጠይቃለሁ። ደብዳቤው እንደረዘመ አውቃለሁ። ቦታ ከጠበባችሁ ቁጥሮቹንና ሂሳቡን ቁረጡትና ስለ ኖራ ውሃው አቀማመጥ የጻፍኩትን ከነስልክ ቁጥሩ አውጡልኝ።

ከአክብሮት ጋር

የጋዜጣችሁ አንባቢ
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ